ስም የሌለው ያስፈራል

ዳንግላ ተወልዶ ያደገ ሰው የጅብ ጩኸት ምን እንደሚመስል የሚያስረዳው መምህር አያሻውም። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙ ወርዶ ከቤት ጣራ ጋር ሲተካከል፣ ኩራዙ ጠፍቶ የምድጃው ፍም ብቻ ሲቀር፣ መጀመሪያ ውሻው ዝም ይላል። ቀጥሎ ከወንዙ ማዶ አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ አያቴ ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ተረቷን ትጀምር ነበር። እኛ ልጆቹም እርስ በርስ ተጠጋግተን፣ እየፈራን፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" እንላለን። ፍርሃትና የመስማት ጉጉት በአንድ ሆድ ውስጥ አብረው ማደር እንደሚችሉ ያወቅሁት በዚያ ምድጃ ዙሪያ ነው። "ጎቲክ ልቦለድ" የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የሰማሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ያውም ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ በተዋስኩት፣ ሽፋኑ በተገነጠለ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ፍርሃት በቃልና በቦታ የሚሠራው እንዴት ነው? "እሱማ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ አገው ምድርን ምን አገባው?" የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አገባው እንጂ! ይህ ዓይነቱ ልቦለድ በእንግሊዝ ሀገር በተወለደበት ዘመን፣ ከብሪታንያ የመጣ አንድ ሰው በእኛው ሰፈር ድንኳን ተክሎ ነበር። ጽፎ ያስቀረውም ነገር ስለ ፍርሃት አሠራር ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የበለጠ ያስተምረናል። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ከሩቁ ልነሳ።

፩

"ጎቲክ" የሚለው ስም ጎት ከሚባሉት የጥንት የአውሮፓ ነገዶች የመጣ ነው። ኋላ ግን የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ግንቦችና ቤተ ክርስቲያናት የአሠራር ስልት መጠሪያ ሆነ፤ ሹል ቅስት፣ ረጅም ማማ፣ ጠመዝማዛ ደረጃ ያለበት ስልት ማለት ነው። ይህን ስም በልቦለድ ላይ የለጠፈው ሆራስ ዋልፖል የተባለ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ነው። "የኦትራንቶ ግንብ" የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1764 መጨረሻ ላይ ሲያወጣ እኔ ጻፍኩት አላለም። በ1529 ኔፕልስ ላይ የታተመ፣ በሰሜን እንግሊዝ በአንድ የጥንት ቤተሰብ ቤተ መጻሕፍት የተገኘ የጣሊያንኛ ታሪክ ትርጉም ነው ብሎ፣ የደራሲም የተርጓሚም ስም ፈልስፎ አወጣው። ብዙ ሰው አመነው። መጽሐፉ መወደዱን ሲያይ፣ በ1765 ሁለተኛውን እትም የራሱ ድርሰት መሆኑን አምኖ፣ "የጎቲክ ታሪክ" የሚል ንዑስ ርእስ ጨምሮ አሳተመው።

ታሪኩ በሠርግ ቀን ይጀምራል። ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ የራስ ቁር ሙሽራውን ጨፍልቆ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ግንቡ በሙሉ ይታወካል፤ ሥዕል ከክፈፉ ይወርዳል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የእግር ኮቴ ይሰማል። ለካ የግንቡ ጌታ የማንፍሬድ ርስት በግፍ የተወሰደ ኖሯል! እኛ ሰምና ወርቅ በምንለው አነጋገር፣ የራስ ቁሩ ሰም ነው፤ የተሰረቀው ርስት ወርቅ ነው። ጥሩ የጎቲክ ልቦለድ ሁሉ እንዲህ ያለ ወርቅ አለው። መንፈሱ ዝም ብሎ አይመጣም፤ የተበደለ ሰው፣ የተቀበረ ወንጀል፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይዞ ይመጣል።

፪

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንግባ። መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቦታና ቋንቋ።

የቦታው ነገር ለመረዳት ቀላል ነው። የጎቲክ ቦታ ያረጀና የተዘጋ፣ ከሰው መንደር የራቀ ነው። እርጅናው ቀድሞ የተሠራ በደል እንዳለ ያሳስባል። መዘጋቱ ማምለጥን፣ ርቀቱ ደግሞ ጩኸትን ከንቱ ያደርጋል። የሚገርመው፣ ከዋልፖል አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1759፣ ሳሙኤል ጆንሰን "ራስላስ" በተባለው መጽሐፉ ይህን የመሰለ ቦታ የሠራው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው። ልዑሉ የሚኖርበት ሸለቆ በተራራ የታጠረ፣ በብረት በር የተዘጋ፣ ቤተ መንግሥቱም በስውር መተላለፊያ የተሞላ ነው። ጆንሰን ሀገራችንን በዓይኑ አላያትም። የፖርቱጋሉን ኢየሱሳዊ የአባ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰ ወዲህ ግን የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ላይ ይታሰሩ እንደነበር ያውቃል። መጽሐፉ አስፈሪ ልቦለድ አይደለም፣ የፍልስፍና ታሪክ ነው። ቢሆንም "ያማረ እስር ቤት" የሚለውን ሐሳብ ያገኘው ከእኛ አምባ ነው።

ቋንቋው ጠለቅ ያለ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘዴ ስምን መከልከል ነው። አን ራድክሊፍ በ1794 ባወጣችው "የኡዶልፎ ምስጢር" ውስጥ፣ ኤሚሊ የተባለችው ልጅ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነውን ነገር ገልጣ ታያለች፤ አይታም ራሷን ስታ ትወድቃለች። ምን አየች? ደራሲዋ አትነግረንም። ከብዙ መቶ ገጽ በኋላ፣ መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል፣ ከሰም የተሠራ የሬሳ ምስል እንደነበረ ትነግረናለች። እንዲያው ሰም! ግን እስከዚያ ድረስ በመጋረጃው ጀርባ ያስቀመጥነው እኛው አንባቢዎቹ ነን፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን።

ሁለተኛው ዘዴ ድምፅን ከመልክ ማስቀደም ነው፤ ኮቴ፣ የበር ሲቃ፣ ትንፋሽ። ሦስተኛው የምስክር ቃል ነው። ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው "ድራኩላ" ከዳር እስከ ዳር ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራምና የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ይመሰክራል። ድራኩላ ራሱ ታሪኩን በገዛ ብዕሩ የሚተርክበት ግን አንድ ምዕራፍ እንኳ የለም።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። የሚያስፈራው ስለ እሱ ሁሉ የሚናገረው፣ እሱ ግን የማይናገረው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስረዳው የሜሪ ሼሊ "ፍራንከንስታይን" ነው፤ የታተመው በ1818 ነው። ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለዋል። አይደለም! እሱ የሠሪው ስም ነው፤ የተሠራው ፍጡር ስም የለውም። ፈጣሪው ስም እንኳ ሳይሰጠው ጥሎት ሸሸ። በመጽሐፉ መካከል ግን ይህ ፍጡር አፉን ከፍቶ ሕይወቱን ይተርካል። በቤት ግድግዳ ቀዳዳ እየሰማ ቋንቋ እንደተማረ፣ ልጆቹ በሌሉበት ወደ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዘንድ እንደገባ፣ ሽማግሌውም ቃሉን ሰምቶ በደግነት እንደተቀበለው፣ ልጁ መጥቶ መልኩን ሲያይ ግን በዱላ እንደደበደበው ይናገራል። ይህን ስናነብ ፍርሃታችን ወዴት ሄደ? ወደ ሐዘን ተለወጠ። ጭራቁ ያው ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪው ነው።

፫

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መጥቶ፣ ከጎንደር ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ግሽ ዓባይ ዛሬ በሰከላ ወረዳ፣ ከአዊ ጎን ነው፤ ብሩስ በመጣበት ዘመን ግን የአገው ሀገር ነበር። መጽሐፉ እነ ባንጃን፣ አንከሻን፣ ዚገምን፣ ኳኩራን በስማቸው ይጠራል። አገው ለጎንደር ከብትና ማር፣ ቅቤና ሰም እያቀረበ ከተማዋን እንደሚቀልብም ይናገራል።

እስቲ በጎቲክ ደራሲ ዓይን ግሽን እንያት። ከምድር ሆድ የሚፈልቅ ምንጭ አለ። ጫማ ሳያወልቁ አይቀርቡትም። የወንዝ መንፈስ አለ፣ መሥዋዕት አለ፣ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ የምንጩ አገልጋይ አለ። ለአስፈሪ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ብሩስ ግን ግሽን ሲጽፍ አያስፈራንም። ለምን? የሽማግሌውን ስም ያውቃል፤ ክፍላ ዓባይ ይለዋል። ከቤቱ አርፏል፤ ልጁ ኢረፖኔ እንግዳውን ስታስተናግድ ያመሰግናታል። ስንት ልጅ እንዳለው፣ ስለ መንፈሱ ምን እንደሚያምን ጠይቆ መልሱን ጽፏል። ስም ያለው፣ ቤት ያለው፣ ተጠይቆ የሚመልስ ሰው አያስፈራም። ብሩስ ከዚህም አልፎ መኃልየ መኃልይን በዳሞት አገው ቋንቋ፣ ማለት ዛሬ አዊኛ በምንለው፣ እንዲሁም በጋፋትኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል። ጋፋትኛ ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ ስለ እሱ ከምናውቀው ጥቂት ነገር አንዱ ይኸው የፍቅር መጽሐፍ ትርጉም ነው። አዊኛ ግን እግዜር ይመስገን፣ እንጅባራ ገበያ ሄዶ መስማት ይቻላል።

ያው ሰው በዚያው መጽሐፍ ስለ ጅብ ሲጽፍ ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ሌሊት ሜጫ ውስጥ፣ ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ በምናልፍበት ሀገር፣ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ከዋክብት ይለካል። ከኋላው አንድ ነገር ወደ አልጋው ሲያልፍ ይሰማዋል። ዞር ይላል፤ ምንም የለም። ሥራውን ጨርሶ ወጣ ብሎ ሲመለስ፣ በጨለማው ውስጥ ትልልቅ ሰማያዊ ዓይኖች አፍጠውበታል! አሽከሩን ጠርቶ መብራት ሲመጣ፣ ከአልጋው ራስጌ አንድ ጅብ ቆሟል፤ በአፉ ሁለት ሦስት እስር ሻማ ነክሷል። ለካ ጌታው ሻማ ሊሰርቅ ነው የመጣው! ብሩስ በጦር ወጋው፤ ጅቡም ሻማውን ጥሎ በጦሩ ዘንግ ወደ እሱ ሊወጣ ሲል በሽጉጥ ተመታ፣ አሽከሩም በመጥረቢያ ጨረሰው።

አሠራሩን ተመልከቱት። መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ባዶ፣ ቀጥሎ ዓይን ብቻ፣ መጨረሻ ላይ መብራትና ስም። ራድክሊፍ በመጋረጃዋ የሠራችው ይህንኑ ነው። ብሩስ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው፤ ኡዶልፎ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አንዱ ከሌላው ቀዳ አልልም። የፍርሃት ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፤ ስም እስኪመጣ ድረስ ይቆያል፣ ስም ሲመጣ ሳቅ ይሆናል።

ጎንደርን ሲያወራ ግን ሳቅ የለም። በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የተገደሉ ሰዎች ሥጋ ሳይቀበር በጎዳና ላይ ይጣል እንደነበር፣ ከምሽት እስከ ንጋትም ከተማዋ በጅብ ትሞላ እንደነበር ጽፏል። ቀጥሎም የከተማው ሰው እነዚህ ጅቦች ከአካባቢው ተራራ በአስማት ተለውጠው የሚወርዱ "ፈላሾች" ናቸው ብሎ እንደሚያምን ይነግረናል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሥጋውን ጎዳና ላይ የጣለው ማን ነው? የታወቀ ሹም፣ በታወቀ ትእዛዝ ነው። ወሬው ግን ወንጀሉን ከሹሙ ወሰደና በተራራው ላይ ለሚኖረው፣ ብረት ለሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ ለሚሠራው ሰው ሰጠው። እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። በወሬው ውስጥ ይህ ስም የለም፤ ሌላ የተለጠፈባቸው ስም ነው ያለው።

ታሪክ ደግሞ ቀልደኛ ነው። ብሩስ በ1774 ለንደን ሲመለስ ብዙ ሰው አላመነውም። ዶክተር ጆንሰን ተጠራጠረው። ዋልፖልም በደብዳቤዎቹ አፌዘበት፤ ያው በሌለ የጣሊያን መጽሐፍ ሀገሩን ያሞኘው ዋልፖል! ሰው በሩቅ ሀገር የሆነውን እውነት ይጠራጠራል፤ አሳምሮ የተሠራውን ውሸት ያምናል።

፬

ከብሩስ በኋላ ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ መጣ። ከ1805 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በትግራይ፣ ኖረ፤ ማስታወሻው ከሞተ በኋላ በ1831 ታተመ። እሱ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ይባላል፣ ጅብም ይሆናል ይባላል ብሎ ጽፏል። በጆሮአቸው ጉትቻ የተገኘባቸው ጅቦች እንደተገደሉም ይተርካል። ዊልያም ኮፊን የተባለው ባልንጀራው ያጋጠመው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከአሽከሮቹ አንዱ ቡዳ ነው ይባላል። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ይህ ልጅ እስከ ነገ ፈቃድ ጠይቆ ይሄዳል። ኮፊን ፊቱን ወደ ሌሎቹ እንደመለሰ፣ "እይ! እይ! ጅብ እየሆነ ነው!" ብለው ይጮኻሉ። ዞር ቢል፣ ልጁ የለም፤ በቆመበት ቦታ አንድ ጅብ ይሮጣል። ሜዳው ዛፍም ቁጥቋጦም የለበትም።

በእኔ ግምት ይህ ከኦትራንቶ ግንብ የበለጠ የሚያስፈራ ታሪክ ነው። ግንብ የለ፣ ጨለማ የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ገላጣ ሜዳ በብርሃን። ታዲያ ፍርሃቱን ምን ሠራው? ቃል ሠራው! ኮፊን መለወጡን አላየም፤ ይህን ጸሐፊው ራሱ አልሸሸገም። ያየው ከተባለ በኋላ ነው። ቃሉ ዓይኑን ቀደመው። በማግስቱ ልጁ ሲመለስ ጓደኞቹ ተሰብስበው ጠየቁት፤ እሱም የወገኖቹ ልማድ ነው ብሎ ማመካኛ ከመስጠት በቀር አልካደም ይባላል። አንድ አሽከር፣ ብቻውን፣ ሁሉም ከወሰነበት በኋላ ምን ሊል ይችል ነበር? የእሱን ማስታወሻ የጻፈለት የለም።

ይህ ታሪክ ከዚያ ተሻገረ። ሳቢን ቤሪንግ ጉልድ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ በ1865 ስለ ተኩላ ሰዎች አንድ መጽሐፍ ሲጽፍ የኢትዮጵያን ጅብ ሰው ከነኮፊን ታሪኩ አስገባው። ስቶከር ድራኩላን ለመጻፍ ሲዘጋጅ በማስታወሻው ከመዘገባቸው መጻሕፍት አንዱ ይኸው የቄሱ መጽሐፍ ነው፤ ማስታወሻው ዛሬ ፊላዴልፊያ ከተማ በሮዘንባክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ጅባችን ካባ ለብሶ ትራንስልቫኒያ ገባ አልላችሁም። በጠረጴዛው ዙሪያ ግን ነበረ።

፭

እንግዲህ ፈረንጆቹን እዚህ ላይ እናቁምና ወደ ምድጃችን እንመለስ። በአያቴ ተረት ውስጥ ጅብ ስሙ ማን ነበር? አያ ጅቦ! "አያ" ለታላቅ ወንድም፣ ለተከበረ ሰው የምንሰጠው መጠሪያ ነው። አያ ጅቦ ይናገራል፣ ይራባል፣ ይታለላል፣ አህያ ታሞኘዋለች። ልጆች እንስቅበት ነበር። አውሬው ስምና ማዕረግ ስላገኘ ሰው ሆነልን።

ተረቱ አልቆ ወሬ ሲጀመር ግን ቋንቋው ይለወጥ ነበር። ድምፅ ዝቅ ይላል። አማርኛችን ለዚህ ሥራ እንዴት የተመቸ እንደሆነ አሁን ነው የማስበው። አንደኛ፣ "አሉ" አለች፤ "ልጁ ማታ ደህና ነበር አሉ፣ ጠዋት ዓይኑን ገለበጠ አሉ።" ማን አለ? አይታወቅም፤ ምስክር የሌለበት ምስክርነት ነው። ሁለተኛ፣ "ተበላ" አለ፤ በላተኛው የማይጠራበት ግስ። ጅብም ይበላል፣ ቡዳም ይበላል፤ አንዱ ግስ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ሦስተኛ፣ "እንትን" አለ፤ "እነሱ እኮ እንትን ናቸው።" ራድክሊፍ በጥቁር መጋረጃ የሠራችውን እኛ በአራት ፊደል ሠራነው። በዚያ ላይ አማርኛም አዊኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ አድማጩ ትንፋሹን ይዞ እስከ መጨረሻዋ ቃል ይጠብቃል።

ልዩነቱ የት እንደሆነ አያችሁ? የኦትራንቶ አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። ማንፍሬድ ጎረቤቱ አይደለም። የእኛ ወሬ ግን ሲነጋ ከቤት ይወጣል። ገበያ ይሄዳል።

ወርቁን ደግሞ እንፈልግ። ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ ስለ መንዝ በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ላይ፣ ቡዳ የሚባለው ማን እንደሆነ ሲመረምር ያገኘው መሬት ያለውንና መሬት የሌለውን ነው። ባለርስቱ ጨዋ ይባላል፤ በእጁ ሙያ የሚያድረው ጠይብ ይባላል፣ ከዚያም በዓይኑ የሚበላ ይባላል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን የሚሠራው ሰው ርስት የለውም። በኦትራንቶ ግንብ ርስቱን የተነጠቀው ሰው መንፈሱ ይመጣል፤ አንባቢውም ለተነጠቀው ያዝናል። እኛ ዘንድ ተገለበጠ፤ ርስት የተከለከለው ሰው ራሱ ጭራቅ ተባለ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ባላባታዊውን ሥርዓት አፈረሰው፤ በሕግ ፊት ሸክላ ሠሪውም አራሹም እኩል ሆኑ። ወሬው ግን አዋጅ አያነብም። ሕግ መሬት ይሰጣል፤ ስም የሚመልሰው ግን የሚተርክ ሰው ነው።

"ሽብር" የሚለውን ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ላለመጠቀም ስጠነቀቅ እንደቆየሁ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ፈረንጆች የሥነ ጽሑፍ ቃል አድርገውታል፤ እኛ አንችልም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሬሳ በአዲስ አበባ ጎዳና ሲጣል፣ በደረቱ ላይ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የሰውየው ወንጀል የተባለው ነው የሚጻፈው። እናት ግን የምታነበው ሌላ ነበር፤ የልጇን ስም። ከብሩስ ጎንደር እስከዚያ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ቋንቋው ግን ያው ነው። መጀመሪያ ስሙን ውሰድ፣ ከዚያ የፈለግኸውን አድርገው።

፮

ይህን ሁሉ ስል፣ አስፈሪ ታሪክ አትጻፉ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ጻፉ! ለዚህ የሚሆን ቦታ ሞልቶናል። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ሲወጣ ከመንገዱ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ተመልከቱት፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተቀመጠ፣ ክብ፣ በደን የታጠረ፣ ከመቶ ስድሳ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ። በፋግታ ለኮማ በምሽት የከሰል ክምር ሲጨስ እዩት፤ ምድር ራሷ የምትተነፍስ ይመስላል። የባንጃን የቀርከሃ ጫካ በነፋስ ስሙት። ግንብ ከእንግሊዝ መዋስ አያስፈልገንም። የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልቦለድ መቃብርን ከርእሱ ጀምረው አስገብተዋል፤ የሚያስፈራው ግን መቃብሩ አይደለም፣ ዘር ቆጥሮ ፍቅርን የሚገድለው ሥርዓት ነው። እሳቸው ወርቁን አልሳቱትም።

የምለው አንድ ነገር ነው። ጅቡን በጨለማ አምጡት፤ ኮቴውን አሰሙን፣ ዓይኑን አሳዩን፣ ስሙን ደብቁብን። መጨረሻ ላይ ግን መብራት አምጡና በአፉ የነከሰው ምን እንደሆነ እንይ። ሻማ ከሆነ እንስቃለን። የሰው ርስት ከሆነ እንናደዳለን። ጭራቅ የተባለውም ሰው ከሆነ፣ እንደ ሜሪ ሼሊ፣ በመጽሐፉ መካከል ተነስቶ ይናገር።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በገበያ ቀን ከከተማው ዳር መጥታ ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። እናቴ ጀበና ከእሷ በስተቀር ከሌላ አትገዛም፤ የእሷ ጀበና አይሰነጠቅም ትል ነበር። ለእኔ ግን ወደ ገበያው ስንቃረብ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ሴትየዋ ይህን ታያለች። ገንዘቧን ተቀብላ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ ጀበናውን በሁለት እጅ ትሰጣለች። አሁን ሳስበው፣ ዓይኗን ወደ መሬት የምታደርገው ለእኔ ብላ ነበር፤ እናቴ እንዳትሰጋ።

ጀበናው እስከ ዛሬ እቤታችን አለ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስሟን ልጽፍ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። እናቴ ብዙ አሰበች። ሃያ ዓመት ከእሷ ገዝታለች፤ ስሟን ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።